ቡሬ ፂማሞቹን ይዛ የዞረችበት ሰልፍ

በእኛ ጊዜ፣ ገመቹ፣ ሹፌር ሲቀጠር መንጃ ፈቃዱን አይተው አይበቃቸውም፣ ዓይኑን ነበር የሚያዩት። መንገዱን ያያል? ያያል። መስተዋቱን ያያል? ያያል። ታዲያ ሦስተኛውን ያያል ወይ? ሦስተኛው ጌጁ ነው፣ የሞተር ሙቀት የሚናገረው። አንተ ትናንት የጉደር ዳገት ላይ ሚኒባስህን አፍልተህ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ሲስቅብህ፣ ጌጁ የት ነበረ? ከእጮኛህ ፎቶ ሥር ነበረ። እኔ አላማሁህም፣ ራስህ ነህ የነገርከኝ። ልጅቷ ቆንጆ ናት፣ እንከን አይወጣላትም፣ ግን የሞተር ሙቀት አትናገርም። እና ተቀመጥ፣ እናንተም ተቀመጡ፣ እኔም ላይ አንድ ጊዜ ሥዕል የለጠፈብኝ ሰው ነበር፣ እሱን ላጫውታችሁ።

እኔን መኪና ያስተማረኝ ኦቦ ደበላ የሚባል ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። ብዙ አያወራም። «ሱታ፣ ሱታ» ይለኛል፣ ቀስ በል ማለቱ ነው። «መርፌዋን እያት። መሃል ላይ ካለች ቤትህ ትገባለህ። ቀዩ ላይ ከወጣች ግን የጋቢናውን ማሞቂያ ክፈት።» «በዚህ ፀሐይ?» እለዋለሁ። «በዚህ ፀሐይ» ይለኛል። ማሞቂያው ሙቀቱን ከየት ያመጣዋል? ከዚያው ከሞተሩ ውሃ ነው የሚያመጣው፣ እና ወደ ጋቢና ሲነፋው ሞተሩን ቀለል ይለዋል፣ አንተን ያቃጥልሃል። «ሰው ሲሞቀው ያልበዋል፣ ሞተር ሲሞቀው ይሞታል፣ ስለዚህ ላቡን አንተ አውጣለት» ይለኝ ነበር ኦቦ ደበላ።

ታዲያ ደርግ መጣ፣ እኔም የገበሬዎቹ አገልግሎት ማህበር ሹፌር ሆንኩ። መኪናዋ አንድ ናት፣ ሌላ የለም። ግማሿ ሰማያዊ ግማሿ ነጭ ስለነበረች ቡሬ አልናት፣ ዥንጉርጉር በሬ ቡሬ እንደሚባለው። ማዳበሪያ ካቺሲ ድረስ ትወስዳለች፣ እህል ይዛ ትመለሳለች፣ ምጥ የያዛትም ሴት የምትጫነው በእሷ ነው። እና በዚያ ጊዜ ሞተር ማቃጠል እንደ ዛሬ ጋራዥ ሄዶ ከመካኒክ ጋር መጨቃጨቅ አይደለም። አሻጥር ነው የሚባለው። አንድ የማውቀው ሹፌር ነበር፣ እንደኔው የልጆች አባት፣ ሞተር ተቃጠለበትና አሻጥረኛ ብለው ወሰዱት። ተመልሷል፣ አልሞተም፣ ግን መሪ ዳግመኛ አልያዘም፣ ሰው ሰላም ሲለው እንኳ ይደነግጥ ነበር። እኔ ፈሪ ነበርኩ፣ ልጆች፣ ምን እደብቃለሁ። ጠዋት ቁልፍ ሳዞር የማስበው ስለ ልጆቼ ነበር።

እና የአብዮት በዓል ደረሰ። ጓድ ታፈሰ የሚባል ካድሬ ነበረን፣ ሰልፉን የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ማለዳ ቡሬን ይዤ ስመጣ ትልቅ ሥዕል አቁሞ ጠበቀኝ። የሦስቱ ፂማሞች ሥዕል ነው፣ ያኔ በየግድግዳው የነበሩት የሶሻሊዝም አባቶች። በሸራ ላይ ቢሆን ኖሮ ትንሽም ቢሆን ነፋስ ያሳልፍ ነበር፣ ይሄ ግን በላሜራ ላይ ነው የተሣለው። ያንን ወስደው ቡሬ አፍንጫ ላይ፣ ራዲያተሩ ፊት ለፊት፣ በሽቦ ጥፍር አድርገው አሰሩት።

«ጓድ፣» አልኩት፣ «ሥዕሉ መተንፈሻ ዘጋ።»

«የማንን?»

«የመኪናዋን። ከፊት ነፋስ ካልገባላት አትበርድም።»

«ጓድ ቶሎሳ፣ ንግግርህን አስተካክል። እነዚህ ለጭቁኑ ሕዝብ መተንፈሻ የከፈቱ ናቸው እንጂ የማንንም መተንፈሻ አልዘጉም።»

«እሱስ ልክ ነው። ቡሬ ግን…»

«ቡሬ ማናት?»

«መኪናዋ።»

«ቡሬ ትችላለች» አለና ጋቢና ገባ።

ሰልፉ የሚደረግበት ሜዳ ዙሪያ ሯጮች የሚሮጡበት መም አለ፣ ታውቁታላችሁ። እሱን ነው የምዞረው። ከኋላ ጭነቱ ላይ የኪነት ቡድኑ ይጨፍራል፣ ከጎኔ ጓድ ታፈሰ ድምፅ ማጉያውን በመስኮት አውጥቶ መፈክር ያሰማል፣ እኔ በአንደኛ ማርሽ እንደ ለቅሶ ሰው አዘግማለሁ። ሰው ሞተር የሚሞቀው ሲሮጥ ይመስለዋል። ሲሮጥማ ነፋስ ያገኛል! ሞተር የሚያልቀው እንዲህ ጭነት ይዞ ሲያዘግም ነው፣ ያውም አፍንጫው ተይዞ። ባለሥልጣኖቹ የተቀመጡበትን ትሪቡን አንዴ አለፍን፣ መርፌዋ ከመሃል ተነሳች። ደግመን አለፍን፣ ወደ ቀዩ ተጠጋች። ሰልፈኛው ገና በበሩ እየገባ ነው፣ ማለቂያ የለውም፣ ወረዳው በሙሉ ወጥቷል።

«ጓድ፣ ላቁም?» አልኩት።

«ትሪቡኑ ፊት? ሰልፍ ቆመ ማለት እኮ አብዮቱ ቆመ ማለት ነው።»

«ካላቆምኩ ሞተሩ ይቃጠላል።»

«እሱማ አሻጥር ነው።»

«ባቆምስ?»

«እሱም አሻጥር ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ንዳ።»

እና ነዳሁ። ምን ይዋጠኝ? ያ ምስኪን ሹፌር ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። ኦቦ ደበላም ትዝ አለኝ፣ እጄን ሰደድኩና ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት።

እንግዲህ የመስከረም ፀሐይ ነው፣ ቀትር ነው። ጓድ ታፈሰ ያንን ወፍራም ካኪ እስከ አንገቱ ቆልፎታል። የእሱ በኩል መስኮት ደግሞ ከተበላሸ ቆይቷል፣ ግማሽ ብቻ ነው የሚወርደው፣ ግማሹንም ድምፅ ማጉያው ይዞታል። ከዚያ ወዲያ ሁለት ጌጅ ሆነልኝ፣ አንዱ ፊት ለፊቴ፣ አንዱ ከጎኔ። የፊት ለፊቴ መውጣቱን ሲያቆም የጎኔው መውጣት ጀመረ።

«ጓድ ቶሎሳ፣ ዛሬ ፀሐዩ…»

«አዎ ጓድ፣ ከረር ብሏል።»

«ከእግሬ ሥር ነው እኮ የሚመጣው።»

«ሞተሩ ነው ጓድ። በፊት በኩል ስለተዘጋበት ወደኛ እየተነፈሰ ነው።»

ኮፍያውን አወለቀ። አንድ ቁልፍ ፈታ፣ ሌላም ፈታ። መፈክሩ ማጠር ጀመረ፣ መጀመሪያ ኢምፔሪያሊዝምን፣ ፊውዳሊዝምን፣ ቢሮክራሲን እየዘረዘረ ነበር የሚያወግዘው፣ በኋላ «ይውደም!» ብቻ ሆነ፣ ማን እንደሚወድም አይናገርም። እና ሕዝቡም አልጠየቀም፣ «ይውደም!» ይላል። እኔም እንደሱው እየተቀቀልኩ ነው፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ ግን እኔ ለምን እንደሚልበኝ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ነው ጓድ ታፈሰ ጌጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ሙቀቱን የምትናገር ናት።»

«ቀዩስ ምንድን ነው?»

«እስር ቤት» አልኩት። ከአፌ አመለጠኝ፣ መመለስ የለም።

«የማን?»

«የኔ፣ ስለነዳሁ። ያንተም ጓድ፣ ንዳ ስላልከኝ።»

መርፌዋን አያት፣ ትሪቡኑን አየ፣ ሥዕሉን በፊት መስተዋቱ አሻግሮ አየ። ታዲያ ሰውየው ብልህ ነበር፣ አልክድም። ድምፅ ማጉያውን አነሳና፣ «ጓዶች! እነዚህ ታላላቅ መምህሮቻችን ከመኪና ጎማ ጋር እኩል ሆነው አቧራ መጠጣት አይገባቸውም! ቦታቸው ከላይ ነው! ወደ ላይ!» አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ትሪቡኑም አጨበጨበ። እኔ ቀጥ አልኩ፣ የኪነት ልጆቹ ዘለው ወረዱ፣ ሽቦውን ፈቱ፣ ፂማሞቹን ጋቢናው አናት ላይ አወጧቸው። አንድም ሰው መኪናዋ ቆመች አላለም። እኔ ስለ ነፋስ ስለፈልፍ ማን ሰማኝ? እሱ ስለ ክብር ሲያወራ ግን ሁሉም ገባው። ከዚያ አንዴ ዞረን ሳንጨርስ መርፌዋ ወደ መሃል ተመለሰች።

ሰልፉ ሲያልቅ ጓድ ታፈሰ ሊወርድ ብሎ እጁን እግሩ ሥር ወዳለው ቀዳዳ ሰደደ። አሁንም ይነፋል፣ ረስቼዋለሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ማሞቂያ ነው።»

«ማነው የከፈተው?»

«እኔ ነኝ።»

አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። «ዝጋው» አለኝና ወርዶ ሄደ። ከዚያ በኋላ በር በተንኳኳ ቁጥር ሚስቴን «አንቺ ክፈቺ» እያልኩ ከረምኩ። ማንም አልመጣም። ቡሬም ማዳበሪያዋን ጫነች፣ ካቺሲ ወጣች፣ ተመለሰች። እሱ ስለዚያ ማሞቂያ ለማንም አልተነፈሰም።

ዓመታት አለፉ፣ ደርግ ወደቀ። የወደቀ ሰሞን አንድ ማለዳ ዝናብ እያካፋ ቡሬን ሳስነሳ፣ ጋቢ የተከናነበ ሰው መጥቶ በጋቢናው በኩል ቆመ። ሳየው ታፈሰ ነው።

«ጓድ…» ስለው፣

«ኧረ ተው፣ ጓድ አትበለኝ» አለ። «እናቴ እንጭኒ ናት። እንጭኒ ታደርሰኛለህ?»

«ግባ» አልኩት።

ይንቀጠቀጣል። ብርድ ይሁን ፍርሃት እንጃ፣ ሁለቱም ነበሩ። ያ የፈራሁት ሰው ነው፣ ጥርሱ ሲንገጫገጭ ይሰማኛል። አዘንኩለት፣ እውነቴን ነው፣ እኔም ፍርሃትን አውቀዋለሁና። ጥቂት እንደሄድን ወደ እግሩ እያየ፣

«ቶሎሳ፣ ያ ማሞቂያ ይሠራል?» አለኝ።

«ይሠራል።»

«ክፈትልኛ።»

መጀመሪያ መርፌዋን አየሁ። መሃል ላይ ነች፣ ሞተሩ ምንም አልሆነም፣ ሙቀቱን የሚፈልገው ሰውየው ነው። ከፈትኩለት። እንጭኒ አደረስኩት። ሲወርድ «ገላቶሚ» አለኝ፣ በኦሮምኛ አመሰገነኝ ማለት ነው። ያን ሁሉ ዓመት ከእሱ አፍ ኦሮምኛ ሰምቼ አላውቅም ነበር፣ የሚያናግረኝ በመፈክር አማርኛ ነበር።

ይኸው ነው። አሁን ምን ያንገላጅጅሃል ገመቹ? ተረት ነገርኩህ?

«አይ ጋሼ፣ ሰምቻለሁ። ግን የልጅቷን ፎቶ ዛሬ ባነሳው፣ ነገ መኪናው ውስጥ ስትገባ ምን እላታለሁ? ትቀየመኛለች እኮ።»

ማን አንሳ አለህ? ከፍ አድርጋት፣ ከመስተዋቱ በላይ ለጥፋት። ስትጠይቅህ ስለ ሙቀት እንዳታወራት፣ ክብር ነው በላት።