ከወሰናችን ላይ እየተነቀለ ስለተመለሰው ችካል

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ ሩቂያ ኡበይድ
ዕድሜ፦ 52
አድራሻ፦ ቀወት ወረዳ፣ ከሸዋ ሮቢት በላይ፣ ተራራው ሥር
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ መስከረም 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

የውጭ አገር ባለሙያዎች በመሬታችን ላይ የተከሉትን የብረት ችካል ማን እንደነካው ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ችካሉ የተተከለው አምና ጥቅምት ውስጥ ነው። ሦስት አገሮች ተባብረው የተራራውን መንሸራተት ሊከታተሉ መምጣታቸው የተነገረው ሸዋ ሮቢት ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው አሉ። ከመንደራችን የተጠራ ሰው የለም። እኛ ዘንድ የመጣው ችካሉ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ለይዞታ ደብተር መሬት ሲለካ ተመሳሳይ ችካል ተተክሎ ስለነበር፣ ይህም የወሰን ምልክት ነው አልን። ያረፈውም ልክ በኔና በታናሽ ወንድሜ በጁነይድ ማሳ መካከል ነው፤ የኔ ከላይ፣ የሱ ከታች።

በበልግ ዝናብ ችካሉ ወደ ጁነይድ ማሳ ወርዶ ተገኘ። ወንድሜ ድንበር ገፋችብኝ ብሎ ከሰሰኝ። ሼህ ሷሊሕና ሽማግሌዎቹ ከዋንዛው እስከ መስጊዱ አጥር ገመድ ወጥረው፣ ችካሉን ነቅለው ወደ ቦታው መለሱት። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ወረደ፤ ደግሞ መለሱት። ገመዱን የያዝኩላቸው እኔ ራሴ ነኝ፤ ንጹሕ መሆኔን ይዩልኝ ብዬ። ወላሂ አልነካሁም ብል ማን ይስማኝ! መንደሩ ሰላምታ ነሳኝ። የወንድሜ ሚስት ነኢማ ብቻ ከባሏ ተደብቃ እየመጣች፣ «አይዞሽ፣ እኔ አስታርቃችኋለሁ» ትለኝ ነበር።

ሐምሌ ውስጥ ባለሙያዎቹ ሊለኩ ሲመጡ የቤቴን ግድግዳ መሰንጠቅ አሳየኋቸው። አብሯቸው የሚሠራው የአገራችን ባለሙያ አቶ ብሩክ መሣሪያውን አይቶ፣ መሬቱ ንቅንቅ አላለም፣ አትስጉ አለን። አምነን ተቀመጥን። ያ ችካል የተራራው መለኪያ መሆኑን ያኔም የነገረን የለም፤ እኛም አልጠየቅን።

ነሐሴ 19 ቀን ከቀትር በኋላ ገበያ ሳለሁ ተራራው ወረደ። የሁለታችንንም ማሳና ቤት ይዞ ሄደ። ነኢማ ቤት ውስጥ ነበረች። ሬሳዋን ከጭቃው ያወጣነው እኔና ጁነይድ በእጃችን ቆፍረን ነው።

ከቀብሩ በኋላ ባለሙያዎቹ ተመልሰው፣ ችካሉ ሲወርድ ባይመለስ ኖሮ አስቀድመን እናስወጣችሁ ነበር አሉ። አሁን ማን ነቀለው ትሉኛላችሁ። የገፋው ተራራው ነው፤ የመለስነው ሁላችን ነን። ክሱ እኔ ላይ ይሁን ካላችሁም ጻፉት፣ ለምጄዋለሁ። ባለሙያዎቹ ይህን ሲሉ አጠገቤ የነበረው ጁነይድ፣ «እታለም፣ ለካ አንቺ አልነበርሽም» አለኝ። ወንድሜ ያመነኝ የምንጣላበት መሬትም፣ የምታስታርቀን ነኢማም ከሄዱ በኋላ ነው።

ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነብቦልኛል። ያየሁትንና የደረሰብኝን ነው የተናገርኩት፤ እውነት ስለመሆኑ አውራ ጣቴን አሳርፌያለሁ።

የምስክሯ የጣት አሻራ፦ ሩቂያ ኡበይድ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ረ/ሳጅን ሙሉቀን አሰፋ