ውሃ የጠገበች በለስ

የእርሻ ትምህርት የምትማረው ዙልሁሞር ከማርጊላን ከተማ ገበያ ብስክሌቷን እየገፋች ስትመለስ መንገዷን ውሃ ቆረጠባት። ቀና ብትል ሽማግሌው ጎረቤቷ ኤርጋሽ ዶማ ይዘው የሰፈሩን ቦይ ወደ ግቢያቸው ሲመልሱ አየች። ወሩ መስከረም ነው፤ የጧቱ አየር መቆንጠጥ ጀምሯል። ውሃው የሚወርደው ወደ አንዲት የበለስ ዛፍ ነበር።

ዛፏን የተከለቻት ሟች ባለቤታቸው ኦይኒሳ ናት፤ ሙሽራ ሆና ስትመጣ ቅርንጫፏን ከአባቷ ቤት በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ነበር ያመጣቻት። አምና በበረዶው ወራት ከዛፏ እኩሌታው ደርቆ ቀረ። ዘንድሮም ከተመታች የኦይኒሳ እጅ ያበቀለው ነገር በዚያ ግቢ አይኖርም።

ዙልሁሞር ወደ ግቢው ገብታ ሰላምታዋን እንደ ደንቡ አድርሳ፣ «አባባ፣ ይህቺ ዛፍ ምን በደለችዎት?» አለች።

«ውሃ ማጠጣት ቅጣት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ትናንት ደግሞ ፍግ አልብሻታለሁ። አቅም አጥታ ነው አምና የተጎዳችው። በግ እንኳ ብርድ ሳይገባ ይቀለባል።»

«በግ ሱፍ አለው። እርስዎ የሚያደልቡት ቅጠል ነው።»

«ስሚ ልጄ፣ ሃምሳ ዓመት በረዶው ሳይመጣ በለስ አጎንብሼ፣ ሸምበቆ አልብሼ፣ አፈር አከናንቤ በረዶው ሲቀልጥ ለጸደይ በዓል ለኑሩዝ አውጥቻለሁ። ያ መጽሐፍሽ ዶማ ጨብጦ ያውቃል?»

«አያውቅም። እስቲ አምና የዳኑትን ቅርንጫፎች ያሳዩኝ።»

ሽማግሌው በግንቡ በኩል ያሉትን አመለከቱ። «እነዚህን አላህ አተረፋቸው።»

«ቦዩ እነሱ ጋ ይደርሳል?»

ኤርጋሽ ቦዩን በዓይናቸው ተከትለው እስከ ግንቡ ሥር አዩ። የግንቡ ሥር ከፍታ ነው፤ ውሃ ወጥቶበት አያውቅም።

ዙልሁሞር ከወዲህ በኩል አንድ ለጋ ቀንበጥ ይዛ እንደ ክር አጠፈችው። «በዚህ ወር ውሃና ፍግ ያገኘ ዛፍ ገና ሙቀት ነው ብሎ ያድጋል። ሳይጠነክር ውርጭ ይደርስበታል፤ አፈር ሥርም ይበሰብሳል። ውሃ ያጣው ግን ማደጉን ትቶ ቆዳውን ያጠነክራል። ገላዋን የታጠበች ሕፃን ፀጉሯ ሳይደርቅ በረዶ ላይ ያወጣሉ?»

ኤርጋሽ ዶማቸውን ተደገፉ። «ታዲያ አምና የገደልኳት እኔ ነኛ።»

ሰፈሩ ምላሷን የሚፈራት ልጅ ብስክሌቷን ግንቡ ላይ አስደገፈች፤ ዶማውን ከእጃቸው ተቀብላ፣ ሣር ከነአፈሩ ቆርሳ ቦዩን ደፈነች።

«አልሞተችም አባባ። ሥሯ አለ።»

«ጧት ስነሳ እጄ የሚሄደው ወደ ዶማው ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ከእንግዲህ ምን ላድርግላት?»

«ፍጉን ይጥረጉላት። የማይበስለውን ፍሬ ይልቀሙላት። ከዚያ አጠገቧ ይቀመጡ።»

«ዝም ብዬ?»

«ዝም ብለው። እሷም ሥራ ላይ ናት።»

ሽማግሌው ወር ሙሉ ተቀመጡ። የሚወዱትን ማጉረስ ማንም ያውቅበታል፤ እጅን በጊዜው መሰብሰብ ግን ትምህርት ይፈልጋል። ውርጩ ሳይመጣ ሁለቱ ተጋግዘው ዛፏን አጎንብሰው አፈር አለበሷት። ለኑሩዝ ሲገልጧት ወዲህም ወዲያም ያለው ቅርንጫፍ ጠንክሮ፣ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ቋጥሮ ተገኘ። ይህን ያዩ አምስት ግቢዎች በተከታዩ መስከረም ቦያቸውን ደፈኑ፤ የተረፈውም ውሃ ታች ላሉት ጎመን ዘሪዎች ወረደ።

ከዚያ በፊት ግን፣ ሐምሌ ላይ፣ ኤርጋሽ የመጀመሪያዋን የበሰለች በለስ በቅጠል ይዘው የዙልሁሞርን በር አንኳኩ።

«ኦይኒሳ ብትኖር፣ ‹ሽማግሌ ትናገሪያለሽ?› ብላ ትቆጣሽ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይህችን ታጎርስሽ ነበር» አሉና እጃቸውን ዘረጉ።