ማን ፈተነው?

በ2008 ዓ.ም. ክረምት ወልቂጤ ለመሄድ ቡታጅራ መናኸሪያ መኪና ስጠብቅ ዝናብ ያዘኝና ከአንድ ሱቅ በረንዳ ተጠለልሁ። እዚያም የማውቃቸው የመስቃኑ በርበሬ ነጋዴ ሀጂ ሸረፋ ከልጃቸው ከሙስተፋ ጋር ቆመው አገኘኋቸው። ሙስተፋ ብርቱ ነጋዴ ነበር፤ ጫት ከተጠናወተው ወዲህ ግን ሥራውን ጥሎ፣ ከስቶ፣ ካገኘው ሁሉ መጣላት ጀምሮ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ነርስ የሆነችው የጎረቤታቸው ልጅ ሩፋይዳ መጥታ ከእኛ ጋር ተጠለለች።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሀጂ። የነገርኩዎትን አሰቡበት?»

«ወዓለይኩም ሰላም፣ ልጄ። አሰብኩበት፤ አይሆንም። የጫት ሱስ ያስለቅቅ አያስለቅቅ ገና ያልታወቀ መድኃኒት በልጄ ላይ ሊሞክሩ! ሙስተፋ አይጥ ነው እንዴ?»

«ቢቆጡ አይፈረድብዎትም። እስካሁንስ ምን ሰጡት?»

ሀጂ በወረቀት የተጠቀለለ ኪኒን ከኪሳቸው አወጡ። «ይኸው፣ ከገበያ የገዛሁለት። ሻጩ ያስተወዋል ብሎ ምሎልኛል።»

ሩፋይዳ አገላብጣ አይታ መለሰችላቸው፤ ስም የለውም። «ይህንንስ ማን ፈተነው? ቢያመው ሻጩን የት ያገኙታል? እኛ ሆስፒታል የሚሞከረው ለሌላ በሽታ ሲሰጥ የኖረ መድኃኒት ነው። ሐኪም ይከታተለዋል፣ ምክር ያገኛል፣ አልፈልግም ካለ በማንኛውም ቀን ይወጣል። ወደ ሙከራው ከሚገቡት ግማሾቹ መልኩ አንድ የሆነ፣ መድኃኒት የሌለበት ኪኒን እንደሚወስዱም አልደብቅዎትም።»

«ይህማ ማታለል ነው!»

«አስቀድሞ ተነግሯቸው፣ ወደው ከገቡ ምን ማታለል አለው? የረዳው መድኃኒቱ ይሁን ምክሩ በሌላ መንገድ አይለይም።»

ያን ጊዜ ሙስተፋ አንገቱን ደፍቶ፣ «አባ፣ ብቻዬን ልተወው ብዬ አቃተኝ፤ ልግባ» አለ።

ሀጂ ኪኒኑን ለሩፋይዳ ሰጥተው፣ «ግባ፤ እኔም አብሬህ እመጣለሁ» አሉት። ሰው ሙከራ የሚለውን ቃል ቢፈራ አይገርምም፤ ይበልጥ የሚያስፈራው ግን ሳይሞከር የሚዋጠው ነው።

በተከታዩ ዓመት ሚያዝያ ላይ ሀጂን ወልቂጤ አገኘኋቸው። ሙስተፋ ወደ ንግዱ ተመልሷል። በመሐል አንድ ጊዜ አገርሽቶበት ሐኪሞቹ ሳይቆጡ መልሰው እንዳበረቱት ነገሩኝ።

«እውነተኛው መድኃኒት ደርሶት ይሆን?» አልኋቸው።

«ገና አልተገለጠም። ሠርቷል ከተባለ የሌላው ልጅ ይድንበታል፤ አልሠራም ከተባለም ሌላው አባት በከንቱ ተስፋ አያደርግበትም።» ከዚያ ከልባቸው ሳቁ። «ሌሊት ግቢ ውስጥ ሲንጎራደድ እያዳመጥሁ ነበር የማነጋው። አሁን የሚቀሰቅሰኝ ማንኮራፋቱ ነው፤ አልሐምዱሊላህ፣ ያንኮራፋ!»