ጣሪያችን ላይ የሚወድቀው ነገር

«ማማ፣ ላይ ቤት ያሉት ሴትዮ በየጠዋቱ ምንድን ነው የሚጥሉት?» አለችኝ ልጄ አንድ ቀን ከእንቅልፏ ደንግጣ ተነስታ። እኔንም ጨንቆኝ ነበር። ዓዲ ሓቂ ሰፈር ካለው ኮንዶሚኒየም ከገባን ጀምሮ ሊነጋጋ ሲል ጣሪያችን ድው፣ ድው ይላል። ጎረቤት ነው ብዬ ብዙ ቻልኩ። የዚያን ቀን ግን ወጥቼ አንኳኳሁ።

ብቻቸውን የሚኖሩት አሮጊት፣ ኣደይ ለተብርሃን፣ ነጠላቸውን አደግድገው ከፈቱልኝ። ግንባራቸው ላይ አቧራ አለ።

«ኣደይ፣ ድምፁ ልጄን እየቀሰቀሰብኝ ነው» አልኳቸው።

«ይቅር በይኝ ጓለይ፣ እየሰገድኩ ነው። አርባ አንድ ነው የምሰግደው፤ ሃያ ላይ ስደርስ ጉልበቴ ይከዳኝና እወድቃለሁ።»

ስግደት የማውቅ ሴት እንዴት አልጠረጠርኩም! አፍሬ «ለማን ነው?» አልኳቸው።

«ለልጄ። ከጦርነቱ በኋላ ለብዙ ሰው መርዶው ተነገረ፤ የእኔን ልጅ ግን ሞተም አለም የሚለኝ ጠፋ። በሰላም መልስልኝ ልበል፣ ነፍሱን ማርልኝ ልበል? የቱን እንደምል ስላላወቅሁ እግዚኦ ብቻ እያልኩ እሰግዳለሁ።»

እጃቸውን ስሜ ወረድኩ፤ ቀኑን ሙሉም እንባዬ እየቀደመኝ ዋልኩ።

በማግስቱ ልጄ ሳትነቃ ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ። ሃያውን ሰግደው ሲደክማቸው ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸውና፣ የልጃቸውን የክርስትና ስም ጠይቄ የቀረውን እኔ ሰገድኩላቸው።