የእኔ በሬና ተለማማጇ ጠበቃ

ወላሂ ብዬ ብምልም አታምኑኝም። መካነ ሰላም ገበያ ላይ ሳወራ ድምፄ አቀስታ ከተማ ድረስ የሚሰማውን እኔን፣ አንዲት ልጅ ዝም አሰኘችኝ። የከተማችን ጠበቃ አንድ ተለማማጅ ሊቀጥር ብሎ፣ ሕግ የተማሩ ሁለት ወንዶችና የጎረቤቴ ልጅ ሐዋ ቀረቡ። ጠበቃው ግን «ችሎት ጉሮሮ ይፈልጋል፣ የሴት ድምፅ እዚያ አይሰማም» እያለ ሐዋን ሳይፈትናት ሊሸኛት ዳር ዳር አለ። «ግድ የለም፣ ከወንዶቹ እኩል ይፈትኑኝና ልውደቅ» አለችው። ፈተናው ምን መሰላችሁ? እኔ ነኝ። በሬው የሰው ገብስ በልቶ ሳለ አልበላም ብሎ የሚክድ ተከሳሽ ሁን ተባልኩ፤ በልቷል አሰኝቶ እኔን የረታ ይቀጠራል። ገበያተኛው ሁሉ ሊያይ ተሰበሰበ።

ወንዶቹ ተራ በተራ ጮኹብኝ፤ እኔም ስጮህ የገበያው አህያ ሁሉ ደነበረ። ሐዋ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ በሬዎ እኮ ከሲታ ነው አሉ። እንኳን ማሳ አንድ ዛላም የሚጨርስ አይመስልም» አለችኝ። በሬዬን ስትንቅብኝ እንዴት ልቻለው? «የኔ በሬ? ያን ማሳ ቁርስ ሳይደርስ ነው ጠራርጎ የበላው። ለምሳው ወረኢሉ ሊሻገር ሲል እኔ ነኝ የመለስኩት» አልኳት።

«አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ጨርሻለሁ» ብላ ቁጭ አለች። ሰው በሳቅ ሲፈርስ እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ጠበቃው እንባውን እየጠረገ «ሰኞ ሥራ ጀምሪ» ሊላት ሲል፣ ሚስቴ ከሰው መሃል ቀደመችው፦ «የለም ጌታው፣ ይህን ሰውዬ ዝም ያሰኘችውንማ ለቤቴ እኔ እቀጥራታለሁ።»