የሰፈሩ ቅሬ

ሰው ከሽሽት እየተመለሰ ባለበት ሰሞን ከመርሳ ወልድያ በሚኒባስ ስሄድ፣ ከኋላዬ አንዲት ወጣት ሴት አጠገቧ የተቀመጡትን ሽማግሌ ታናግራለች።

«አባባ፣ ወልድያ ዘመድ ጥየቃ ነው?»

«የለም ልጄ፣ ቤት ልከራይ ነው።»

«እንግዲያው መቻሬ ይሻልዎታል። ጸጥ ያለ ሰፈር ነው።»

«ቅሬው እንዴት ነው? ሰው ሲሞት ለቀብር ይወጣል?»

«እሱን እንኳ አላውቅም። አዳጎስ? ለገበያ ቅርብ ነው።»

«የአዳጎ ሰው ጦርነቱ ሲመጣ ሸሽቶ ነበር?»

«ኧረ ያልሸሸ ማን አለ አባባ! እኛም ደሴ ገባን።»

«ልክ ነሽ። የኛም ሰፈር ሸሸ። እኔ ባለቤቴ ታማ ስለነበር ቀረሁ።»

«አሁን ተሻላቸው?»

«በሦስተኛው ቀን ሞተች። እኔው አጠብኋት፣ እኔው ገነዝኋት፣ እኔው ቆፈርሁላት። ቃሬዛ ግን አራት ሰው ይፈልጋል።»

«ታዲያ እንዴት አደረጉ?»

«በአህያ ወሰድኋት።»

«አላህ ይርሐማቸው። ጎረቤቶችዎ አልተመለሱም?»

«ተመልሰዋል። አፉ በለን፣ ይቅር በለን ብለው አለቀሱልኝ፣ እኔም አፉ ብያለሁ።»

«ታዲያ ለምን ይለቃሉ?»

«ባለፈው ጁምዓ ጎረቤት ሞቶ ቀብር ወጣሁ። ቃሬዛውን ለመሸከም ሰው ይሻማ ነበር፤ ለእኔ እንኳ ቦታ አልደረሰኝም። ከዚያ ወዲህ እዚያ ማደር አቃተኝ።»

ሽማግሌው ጥያቄያቸውን ቀጠሉ።

«በይ ንገሪኝ ልጄ፣ ያንቺ ሰፈር ሰው ለአዲስ ገቢ ይወጣል?»

ወልድያ እስክንገባ የጎረቤቶቼን ስም በሆዴ ስቆጥር ነበር፤ ከሦስት አላለፍሁም።