የቡዋላይ ስጥ

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ዋሪን በዚያ ጠዋት በሐይቁ ዳር ባታልፍ ኖሮ፣ ቡዋላይ ነገሩን በሆዷ እንደያዘች በሞተች ነበር።

መንገዱ የፓያው ከተማን ሐይቅ ተከትሎ የሚዞር ለስላሳ አስፋልት ነው። መሐሉን ነጭ መስመር ይከፍለዋል፤ በቤቶቹ በኩል እግረኛ፣ በውሃው በኩል ብስክሌት ይሄድበታል። ይህ ለከተማው ሰው ነው። ለቡዋላይ ግን መንገዱ የሩዝ ማስጫ ነበር። አጨዳ ባለቀ ቁጥር ከደጇ ፊት ሰማያዊ መረብ ታነጥፍና ሩዟን ታሰጣለች፤ ጎማ እንዳይረግጠው ዳር ዳሩን ጡብ ትደረድራለች። እውነቱን ለመናገር ሩዝን እንደ አስፋልት የሚያደርቀው የለም፤ ሰፈሩም በሙሉ እንደሷው ነበር።

ዋሪን ከብስክሌቷ ወርዳ መዳፎቿን ገጥማ እጅ ነሣች። ጋሽ ኢንታን ልትጠይቅ እየሄደች መሆኑን ነገረቻት።

«ሂጂያ፤ መንገዱ እንደሆነ ሰፊ ነው» አለች ቡዋላይ፣ ሩዟን ማገላበጧን ሳትተው።

«ሰፊ ነበር፣ እማማ።»

ክርክሩ ከዚህ ተነሣ። ልጅቱ በትሕትና፣ አሮጊቷ በምላሷ። ዋሪን መንገዱ ለእግር የተሠራ ነው ስትል፣ ቡዋላይ ሩዝ ሆድ ይሞላል፣ የብስክሌት ጎማ ማንን አብልቶ ያውቃል ብላ መለሰች። ደግሞም ፊደል ባትቆጥርም ፍሬን ከገለባ እንደምትለይ አከለችበት።

«ገበያ የማይሄድ፣ እርሻ የማይወርድ፣ ሐይቅ ዞሮ እዚያው ደጁ የሚመለስ ሰው ምን ይባላል? በእኛ ጊዜ እብድ ነበር የምንለው። አሁን ጫማ ተገዛለትና ስፖርተኛ ተባለ።»

ዋሪን ሳቀች። «ያኔ እርሻው ራሱ ያስኬዳችሁ ነበር፣ እማማ። ዛሬ ሰው ጨው ሊገዛ በሞተር ሳይክል ነው የሚሄደው። ስኳሩ፣ ደም ግፊቱ፣ የጉልበቱ ሕመም ከየት የመጣ ይመስልዎታል?»

«ከዕድሜ ነዋ።»

«እርስዎ ሰባ አንድ ዓመትዎ ነው። እኔ የማክማቸው አርባም አልሞላቸው።»

ልጅቱ ክርክሩን ትታ ወደመጣችበት ጉዳይ ተመለሰች። ኢንታ የቡዋላይ የቅርብ ጎረቤት ነው፤ ዕድሜውን በሐይቁ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ የኖረ። አምና ግራ ጎኑ ሽባ ሆነበት። ዋሪን በዚሁ መንገድ ላይ እንደ ሕፃን ዳዴ እያስባለች፣ መጀመሪያ አሥር እርምጃ፣ ከዚያ ሃምሳ፣ ከዚያ እስከ ድልድዩ አደረሰችው። የዛሬ ስምንት ቀን ግን ከቡዋላይ ደጅ ላይ ወደቀ፤ ከዚያ ወዲህ ከአልጋው አልወረደም።

«እግሩ ምንም አልሆነም፤ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። እሳቸው ግን ‹እግሬ ከዳኝ› ይላሉ፤ እግራቸውን ማመን ትተዋል። ወር ሙሉ እንዲህ ከተኙ ጅማታቸው ይደርቃል። ያን ጊዜ እኔም አላስነሣቸው። እርስዎ ጎረቤት ነዎት፣ እባክዎ አንድ ቃል ይበሏቸው።»

የቡዋላይ እጅ ቆመ። ልጅቱ ከስሳት ቢሆን ኖሮ ሰድባ ትሸኛት ነበር፤ ለስድብ መቼ ትቸገርና። ልመናው ግን አንገቷን አስደፋት።

ያን ቀን ኢንታ ስጡን ዞሮ ሊያልፍ ሲል፣ የሚጎትተው ግራ እግሩ ጡቧን መታ። ቡዋላይ ከደጇ ቆማ አይታለች። ሮጣም ደረሰች። ነገር ግን ሰውየውን ከማንሣቷ በፊት ጡቡን በእግሯ ገፍታ ከመረቡ ሥር ከተተችው። ከዚያ ብብቱን ይዛ እያነሣችው «አይዞህ ኢንታ፣ እግርህ ነው የከዳህ» አለችው። ያን ቃል ያስያዘችው እሷ ናት። ስምንት ቀን ሙሉ ሾርባ ስትልክለት ከረመች፤ ሰፈሩም ደግነቷን አወራላት። ምስጋናውን በሰማች ቁጥር ሌላ ሾርባ ትጥዳለች።

«ጡብ ነው» አለች ዓይኗን ከሩዙ ሳታነሣ። «የኔ ጡብ ነው። እኔም ደበቅኩት።»

ዋሪን ከአጠገቧ ቁጢጥ አለች። ቀጥላም ይህን እሷ ሄዳ ለጋሽ ኢንታ ብትነግራቸው የሐኪም ማጽናኛ እንደሚመስላቸው፣ የሚያምኑት ካደረገው ሰው አፍ ቢሰሙት ብቻ እንደሆነ ቀስ ብላ አስረዳች።

«ሰፈሩስ? ስንቱን ሰድቤ ስንቱን ዋሾ ብዬ የኖርኩ ሴት፣ በየት በኩል ነው የምወጣው?»

«እሱን አላውቅም፣ እማማ። ጋሽ ኢንታ ግን በበራቸው በኩል ይወጣሉ።»

ቡዋላይ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ኢንታ ቤት ገባች። ወንበር ቢያሳያትም አልተቀመጠችም። ቆማ፣ ሳታለሰልሰው፣ ጡቡንም ቃሉንም ነገረችው።

ኢንታ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። «ጡቡ የጣለኝ አንዴ ነው» አለ። «ስምንት ቀን ያስተኛኝ አፍሽ ነው።»

ከዚያ ብርድ ልብሱን ገልጦ ግራ እግሩን እንደጠፋ ዕቃ ያገላብጠው፣ ጣቶቹን ያንቀሳቅሳቸው ጀመር።

ሩዙን ያንኑ ቀን አንሥታ ወደ ሰፈሩ ገዳም ወሰደችው። የገዳሙ ግቢ ሰፊ ሲሚንቶ ነው፤ መነኮሳቱም አይከለክሉም። እስከዚያ ድረስ ያልሄደችበት፣ ተራ መጠበቅንና ጆንያ መሸከምን ስለጠላች ነው። ጎረቤቶቿ የነርስ ተላላኪ ሆነች ብለው ሲስቁባት፣ በገዳሙ ደጅ ሰብስባቸው ያደረገችውን ሁሉ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር።

«ሩዝ ዛሬ ባይደርቅ ነገ ይደርቃል» አለቻቸው። «የሰው ጅማት ከደረቀ ግን ማንም አያለሰልሰውም። መንገዱ ሲለቀቅ በሽተኛው እግሩን ያገኛል፤ ልጆቻችሁ መኪና ሳይፈሩ በብስክሌት ትምህርት ቤት ይደርሳሉ፤ እናንተም በየወሩ ለመድኃኒት ከመሰለፍ ትድናላችሁ። ጡባችሁን አንሡ። ሰው ሲወድቅበት አይቶ ከማንሣት ሳይወድቅበት ማንሣት ይቀላል፤ እኔ ሞክሬዋለሁ።»

ሁሉም አልሰማትም። ሦስት ቤቶች አነሡ፤ የቀሩት በሳምንቱ እያጉረመረሙ ተከተሉ።

የመጨረሻው ጡብ በተነሣ በማግሥቱ ጠዋት ኢንታ ምርኩዙን ይዞ ወጣ። ቡዋላይ ትከሻዋን ልትሰጠው ቀረበች። አሻግሮ መንገዱን አየ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ባዶ ነው።

«ከፊቴ ሂጂ» አላት። «ብወድቅ እግርሽ የሚሠራውን ማየት እፈልጋለሁ።»

ቡዋላይ ከፊቱ ቀደመችና፣ የምርኩዙን ድምፅ ከኋላዋ እየሰማች፣ በሱ እርምጃ ልክ ሄደች።